ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ብርሃን፦ በጃፓን አጭር ሰይፍ ፍለጋ አምስት ቀን

አንደኛ ቀን፣ አርብ። ቶኪዮ

ትናንት ማታ ናሪታ ደረስኩ። የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ካትሱሺካ ነው፤ ቶኪዮ ውስጥ ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ የሚኖርበት ሰፈር። እንጀራ አቀረበችልኝ፣ ቡና አፈላች። አገሬን ለቅቄ የወጣሁ አልመሰለኝም።

ለዚህ ጉዞ ሦስት ዓመት ነው ብር ያጠራቀምኩት። ምክንያቱን ቶሎ ልንገራችሁ። አያቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ ይሠራ ነበር። ሰው ቀን ማረሻውን አሹሎለት ይወስዳል፣ ማታ «ቡዳ ነው» ብሎ ልጆቹን ያሸሻል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም እኛ ቤት ድረስ ደርሷል። ታዲያ አንድ ቀን ስለ ጃፓን ሰይፍ ሠሪዎች ሳነብ፣ ማን የማን ልጅ፣ ማን የማን ተማሪ እንደሆነ የሰባት መቶ ዓመት የዘር ሐረግ ተጽፎላቸው አየሁ። ለነገሥታት ብቻ ይጻፋል ብዬ የማስበው ነገር ለብረት ቀጥቃጭ ተጽፎ! ሄጄ በዓይኔ ማየት አለብኝ አልኩ።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጠዋት ሪዮጎኩ ወደሚገኘው የጃፓን ሰይፍ ሙዚየም ሄድን። የሱሞ ትግል አዳራሽ ያለበት ሰፈር ነው። ሙዚየሙ ወደዚህ የተዛወረው በ2018 ሲሆን ከአንድ አሮጌ የአትክልት ቦታ ጋር ተጎራብቶ ቆሟል። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ሰዉ ከመስታወቱ ፊት ቁጢጥ ይላል፣ ይነሳል፣ እንደገና ቁጢጥ ይላል። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። በኋላ እኔም እንደነሱ ሳደርግ ገባኝ። ዓይንህን ከመብራቱ ጋር በትክክል ካላገናኘኸው ሰይፉ ዝም ያለ ብረት ነው። ሲገጥምልህ ግን ስለቱ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ መስመር ብቅ ይላል። ሐሞን ይሉታል። አንዱ ላይ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱ ላይ የባሕር ሞገድ ይመስላል።

ሰይፍ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ረጅሙ ካታና ነው። እኔን የሳበኝ ግን አጭሩ፣ ታንቶ የሚባለው ነው። ርዝመቱ አንድ ሻኩ፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ጦር ሜዳ ውሏል፣ ደምም አይቷል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ሌላ ሥራም አለው። ሕፃን ሲወለድ «ማሞሪጋታና» ተብሎ ይሰጣል፤ የሚጠብቅ ሰይፍ ማለት ነው። በንጉሣዊው ቤተሰብ ይህ ልማድ ዛሬም አለ። በ2006 ልዑል ሂሳሂቶ ሲወለዱ ከንጉሠ ነገሥቱ አጭር ሰይፍ ተልኮላቸዋል። ሰው ሲሞት ደግሞ ከአስከሬኑ ደረት ላይ ሰይፍ ያኖራሉ። መንገዱን እንዲጠብቅለት ነው።

ሁለተኛ ቀን፣ ቅዳሜ። ሜይጂ መቅደስና ኦሚያ

«ሙሽራ ማየት ከፈለግህ ቅዳሜ ሜይጂ ነው» አለችኝ የአክስቴ ልጅ። እውነቷን ነው። ግቢው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳንቆይ የሠርግ ሰልፍ መጣ። ከፊት ካህናቱ፣ ቀጥሎ ከትልቅ ቀይ ጃንጥላ ሥር ሙሽሮቹ። ሙሽራዋ ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ ለብሳለች።

እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ወደ መቀነቷ ነው። በግራ በኩል ከሐር የተሠራች ትንሽ ነጭ ከረጢት ተሰክታለች፣ ጫፏ ላይ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ካይከን ይሏታል። የሳሙራይ ቤት ሴቶች ራሳቸውን ለመጠበቅ ጉያቸው ውስጥ የሚይዟት አጭር ሰይፍ ነበረች። ዛሬ በአብዛኛው ከረጢቷ ውስጥ ያለው እንጨት ነው። ቢሆንም ያለሷ የሙሽራ ልብስ ሙሉ አይሆንም። ሲወለዱ፣ ሲያገቡ፣ ሲሞቱ፤ በሦስቱም በር ላይ ይህች አጭር ብረት አለች።

ከሰዓት በኋላ በባቡር ወደ ሳይታማ ወጣን። ከኦሚያ ጣቢያ ሁለት ፌርማታ አለፍ ብሎ የክልሉ የታሪክና የባህል ሙዚየም አለ። እዚያ የተቀመጠች አንዲት ታንቶ አለች፣ ብሔራዊ ቅርስ ናት። ሁልጊዜ ለእይታ አትወጣም። እኔ ዕድለኛ ሆኜ አገኘኋት።

28.3 ሳንቲ ሜትር ናት። ከክንዴ ታንሳለች። አካሏ ላይ «ቺቺቡ ዳይቦሳትሱ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል፤ በቺቺቡ ተራሮች የሚመለክ አምላክ ስም ነው። በሌላው ጎን አንድ የሳንስክሪት ፊደል አለ። ለጦርነት ብቻ ቢያስቧት ኖሮ ይህን ሁሉ ጸሎት አይቀርጹባትም ነበር። ስለቷን ተከትሎ የሚሄደው መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ ጥርሶቹ ግን ቀጥ አላሉም፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብለዋል። የሠሪው ልዩ ምልክት እሱ ነው።

እጀታዋ ወልቆ ነው የቀረበችው። እጀታ ውስጥ የሚገባው ጭራ ዝጓል፣ ጠቁሯል። ዝገቱን ማንም አይነካውም፤ ዕድሜዋን የሚናገረው እሱ ነው። እዚያ ዝገት ላይ ነው ስሙ ያለው። በአጭሩ «የቢዘን ኦሳፉኔ ነዋሪ ካጌሚትሱ» ይላል። ዓመተ ምህረቱም አለ፤ 1323። በእኛ አገር ዓምደ ጽዮን የነገሡበት ዘመን ነው። በኋላ ዝነኛው የጦር አለቃ ኡኤሱጊ ኬንሺን በወገቡ ይዟት ስለነበር ዛሬ «ኬንሺን ካጌሚትሱ» ተብላ ትጠራለች። የያዛት ጌታና የሠራት ቀጥቃጭ በአንድ ስም ውስጥ እኩል ቆመዋል። እዚያ መስታወት ፊት ብዙ ቆየሁ። የአክስቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ወጥታ ተመለሰች።

ያኔውኑ የጉዞዬ መጨረሻ ኦሳፉኔ እንዲሆን ወሰንኩ። ማታውን ወደ ጊፉ ተሳፈርን።

ሦስተኛ ቀን፣ እሁድ። ሴኪ

ሴኪ ከጊፉ በአውቶቡስ ሰዓት አይሞላም። በተራሮች መሀል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጥቅምት ማብቂያ ስለሆነ ቅጠሉ መቅላት ጀምሯል። ሰባት መቶ ዓመት ያህል ሰይፍ ሲሠራባት ኖሯል። ጥሩ አፈር፣ የጥድ ከሰልና የናጋራ ወንዝ ውሃ ስላላት ነው ቀጥቃጮች የሰፈሩባት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማጎሮኩ ካኔሞቶ የሚባለው የሠራቸው ሰይፎች ስለት ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩ የዝግባ ዛፎች የሚመስል መስመር አለ። አንዴ ካየኸው አትረሳውም።

በቀጥቃጮቹ ሙዚየም በተወሰኑ እሁዶች በድሮው ዘዴ ብረት ሲቀጠቀጥ ለሕዝብ ይታያል። ቀድመን ደርሰን ፊት ተቀመጥን።

ከእሳቱ በላይ የሩዝ ገለባ ገመድ ታስሯል፣ ነጭ ወረቀት ተንጠልጥሎበታል። ቦታው የተቀደሰ ነው ማለት ነው። ቀጥቃጮቹ ነጭ ለብሰዋል። ዋናው ምድጃው ጎን ተቀምጦ በግራ እጁ ወናፉን ይስባል። የአያቴ ወናፍ የፍየል ቆዳ ነበር። የእነሱ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ሲስቡትም ሲገፉትም ይተነፍሳል። ፍሙ ግን ያው ነው፣ ሽታውም ያው ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጭሱ አይደለም።

ብረቱ ታማሃጋኔ ይባላል። የሚመጣው ከሺማኔ ክልል፣ ኦኩኢዙሞ ከሚባል ተራራማ ቦታ ነው። እዚያ በክረምት ከሸክላ በተሠራ ምድጃ ውስጥ የብረት አሸዋና ከሰል እየተፈራረቀ ይጨመራል፤ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት፣ ያለ እረፍት። 10 ቶን ያህል አሸዋና 12 ቶን ያህል ከሰል ገብቶ የሚወጣው 2.5 ቶን ገደማ የብረት ጓል ነው። ከዚያም ውስጥ ለሰይፍ የሚበቃው ምርጥ ከአንድ ቶን በታች ነው። ይህ ምድጃ ተቋርጦ በ1977 ነው እንደገና የተቀጣጠለው። እሱ ባይኖር የዛሬዎቹ ሰይፍ ሠሪዎች የሚቀጠቅጡት ብረት አይኖራቸውም ነበር።

ጓሉን ሰባብረው፣ የተመረጠውን እንደ ጡብ ይደረድሩታል። በእርጥብ ወረቀት ይጠቀልሉታል፣ የገለባ አመድ ያለብሱታል፣ የአፈር ጭቃ ያፈሱበታል። ከዚያ ወደ እሳት። ጃፓኖች ይህን ማጋል «ማፍላት» ነው የሚሉት። ብረት ሲፈላ ድምጽ አለው፤ ቀጥቃጩ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። ሲወጣ ቢጫና ነጭ መሀል ነው። አንዱ መቀጥቀጫው ላይ ውሃ ረጨ፣ መዶሻው ወረደ፣ እና ጥይት የተተኮሰ ያህል ጮኸ። ሕፃናቱ ጆሯቸውን ያዙ። ብልጭታው እኛ እግር ሥር ድረስ መጣ። ያ ፍንዳታ የብረቱን ቅርፊት አራግፎ የሚያጠራ ነው።

ከዚያ ይታጠፋል፣ ይቀጠቀጣል፣ እንደገና ይታጠፋል። አሥራ አምስት ጊዜ ከታጠፈ 32,768 ንብርብር ይሆናል። ሁለት ረዳቶች በረጅም መዶሻ ይፈራረቃሉ። ዋናው በትንሽ መዶሻ መታ ያደርጋል፤ የት፣ ምን ያህል እንደሚመቱ የሚነግራቸው በዚያ ነው። ቃል አይወጣም። ረዳቱ የሚመታው ምት «አይዙቺ» ይባላል። ዛሬ ጃፓኖች ሰው ሲያወራ «እሺ፣ አዎ፣ እህ» እያልን የምናጅበውን ነገር በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት። ጥንዶች ተጣልተው ሲታረቁ ደግሞ «ወደ ሰገባቸው ተመለሱ» ይላሉ። የቀጥቃጭ ቤት ቋንቋ የአገር ቋንቋ ሆኗል። እኛ ጋ የቀጥቃጭ ቤት ለቋንቋችን ያበረከተው ቃል ስድብ ብቻ መሆኑን ሳስብ ልቤ ደማ።

ሲያበቃ አንዱን በዕድሜ የገፉ ቀጥቃጭ ቀረብናቸው። አያቴም የእሳቸው ሙያ እንደነበረው የአክስቴ ልጅ ስትነግራቸው ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። ስንት ዓመት እንደተማሩ ጠየቅኋቸው።

«እኛ ዘንድ አባባል አለ» አሉ። «ከሰል መቁረጥ ሦስት ዓመት፣ መዶሻ መምታት አምስት ዓመት፣ ማፍላት ዕድሜ ልክ።»

ከሰሉ እኩል እኩል ካልተቆረጠ እሳቱ እኩል አይሆንም፤ ለዚህ ነው ሦስት ዓመቱ። በሕጉ ደግሞ ፈቃድ ባለው መምህር ሥር ቢያንስ አምስት ዓመት ሳይማሩ ሰይፍ መሥራት አይቻልም። ከተፈቀደ በኋላም በወር ሁለት ረጅም ወይም ሦስት አጭር ብቻ ነው። ተጣድፎ እንዳይበላሽ ነው።

ስለቱ ላይ ያለው ጉም ከየት እንደሚመጣ ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። ሰይፉ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ከአፈር፣ ከከሰል ዱቄትና ከመሳያ ድንጋይ ዱቄት የተቦካ ጭቃ ይቀባል። ጀርባው ላይ ወፈር፣ ስለቱ ላይ ሳሳ። ከዚያ ክፍሉ ይጨልማል፤ የብረቱን መልክ በጨለማ ብቻ ነው በትክክል መለየት የሚቻለው። መልኩ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ጭቃው የሳሳበት ቶሎ ቀዝቅዞ እንደ መስታወት ይጠነክራል። የወፈረበት ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ለስላሳ ይሆናል። የሁለቱ ድንበር ነው ሐሞኑ። የወራት ድካም በዚያች ቅጽበት ሊሰነጠቅ ይችላል። «ሲሰነጠቅ ይሰማል» አሉ፣ ጆሯቸውን ነካ አድርገው።

መንገዳቸው ለስላሳ አልነበረም። በ1876 ሰይፍ ታጥቆ መሄድ ተከለከለ፣ ቀጥቃጮቹ ገበያ አጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት በኋላ ደግሞ መሥራቱ ራሱ ቀረ፤ እንደገና የተፈቀደው በ1950ዎቹ ነው። ሴኪ በዚህ ሁሉ መሀል ወደ ወጥ ቤት ቢላዋ፣ መቀስና ምላጭ ዞራ እጇን አላስፈታችም። ለእናቴ ጥፍር መቁረጫ ገዛሁላት። እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው።

አራተኛ ቀን፣ ሰኞ። ኪዮቶ

ሰኞ ሙዚየም ዝግ ስለሆነ ኪዮቶ ላይ አንድ ነገር ብቻ አየሁ። ከተማው ምሥራቅ ጫፍ፣ አዋታጉቺ ከሚባለው ሰፈር፣ የአዋታ መቅደስ አለ። ግቢው ውስጥ ለቀጥቃጮች የቆመች ትንሽ መቅደስ አለች። ከሚመለኩባት አንዱ ዮሺሚትሱ ነው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ ሰፈር ታንቶ የሠራ ሰው። በታንቶ ከሱ የሚበልጥ የለም ይባላል። ቀጥቃጭ፣ አምላክ ሆኖ!

ስለ አንዷ ታንቶው የሚነገር ተረክ አለ። በ1493 ሃታኬያማ ማሳናጋ የሚባል መኳንንት ጦርነት ተሸንፎ ራሱን ሊያጠፋ በዚያች ታንቶ ሆዱን ሊወጋ ሞከረ። አልገባ አለችው። ተናዶ ወረወራት። መድኃኒት መፍጫ ብረት ላይ አርፋ በስታው ገባች። ከዚያ ወዲህ የዮሺሚትሱ ሰይፍ የጌታውን ሆድ አይወጋም ተባለ። እኔ ይህን ተረክ አምናለሁ ወይ ብትሉኝ፣ እንጃ፤ ለምን እንደተነገረ ግን በደንብ ይገባኛል። ለሕፃን ትራስጌ የሚቀመጥ ብረት እንዲህ ያለ ስም ያስፈልገዋል።

ደረጃው ላይ ሦስት ወጣት ሴቶች ተንበርክከው ሲጸልዩ ነበር። በኮምፒውተር ጨዋታ ሰይፍ ወድደው፣ ከጨዋታው አልፈው መቅደስና ሙዚየም የሚዞሩ ብዙ ናቸው አለችኝ የአክስቴ ልጅ።

አምስተኛ ቀን፣ ማክሰኞ። ኦሳፉኔ

በፈጣኑ ባቡር እስከ ኦካያማ፣ ከዚያ በትንሿ የአኮ መስመር ኦሳፉኔ። ጣቢያው ጭር ያለ ነው። ሩዝ ማሳ፣ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ራቅ ብሎ የዮሺኢ ወንዝ። ከጃፓን ብሔራዊ ቅርስ ሰይፎች ግማሽ የማይሞላ፣ ግን ለግማሽ የቀረበ ቁጥር የተሠራው በዚህ በቢዘን ምድር ነው ብትሉት ማን ያምናል?

ወንዙ ነው ምክንያቱ። ብረትና ከሰል ከተራራው በጀልባ ይወርድ ነበር። ገበያውም አጠገቡ ነበር።

እዚህ ነው ካጌሚትሱ የኖረው። አያቱ ሚትሱታዳ፣ አባቱ ናጋሚትሱ፣ ልጁ ካኔሚትሱ። አራቱንም ስም ጽፋ አሳየችኝ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ደብተሬ ላይ። አራቱም ውስጥ አንድ ፊደል አለ። «ሚትሱ» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙ ብርሃን ነው። አንዱ ፊት ያደርገዋል፣ ሌላው ኋላ። ብርሃኑ ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። ሳይታማ ያየኋት ታንቶ ላይ ዝገቱ ውስጥ የነበረው ፊደል እሱው ነው።

መንደሩ በ1590 ገደማ በዮሺኢ ጎርፍ ጠፋ። ያበላቸው ወንዝ ወሰዳቸው። ጥቂቶች ተርፈው ሥራውን ቀጠሉ፤ ያኔ የነበረው ብዛት ግን አልተመለሰም። ዛሬ ሙዚየሙን የምታስተዳድረው ሴቶኡቺ ከተማ ናት። ከዚሁ አካባቢ የወጣውን «ሳንቾሞ» የተባለ ሰይፍ በ2020 ወደ አገሩ መልሳዋለች። 500 ሚሊዮን የን ነው የተገዛው፣ ከመላ አገሪቱ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ። እሱም በአንድ ወቅት የኬንሺን ነበር።

ከሙዚየሙ ጎን ባለሙያዎቹ የሚሠሩበት ቤት አለ። አንድ ሰው ብቻውን ሰይፍ አይጨርስም። ቀጥቃጩ፣ ስለቱን የሚስለው፣ ቀራጩ፣ ሰገባ ሠሪው፣ እያንዳንዱ በሙያው ነው። እኔ ሰገባ ሠሪው ጋ ተቀመጥኩ። ሆኖኪ የሚባል ለስላሳ እንጨት ለሁለት ሰንጥቆ፣ ውስጡን በሰይፉ ልክ እየፋቀ ያወጣል። ፍቆ ይለካል፣ ይፍቃል፣ ይለካል። ሁለቱን ክፋይ የሚያጣብቀው በሩዝ ነው። ያደረ የበሰለ ሩዝ ቀጭን ጣውላ ላይ በእንጨት ማንኪያ እስኪያፈተልክ ይደፈጥጠዋል።

«ለምን በዘመናዊ ማጣበቂያ አይሆንም?» አልኩ።

«ከመቶ ዓመት በኋላ ሰይፉ ውስጡ ቢዝግ፣ የሚጠግነው ሰው ሳይሰብረው እንዲከፍተው ነው» አለ። ገና ያልተወለደ ሰው እንዳይቸገር እያሰበ ሩዝ ይደፈጥጣል።

እጁ ላይ ያለው ሰገባ አጭር ነበር። ለማን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ባለፈው ወር ለተወለደች ልጅ።»

ከዚያ እሱ በተራው ስለ አያቴ ጠየቀኝ። ምን ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ምን ዓይነት ከሰል እንደሚጠቀሙ። በመጨረሻ «ስማቸውን የት ላይ ነበር የሚጽፉት?» አለኝ። የአክስቴ ልጅ ስትተረጉምልኝ ቀና ብላ አላየችኝም። አይጽፍም ነበር አልኩት። እሱም ምንም ሳይል ወደ ሩዙ ተመለሰ።

ማታ ኦካያማ ሆቴል ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኳት።

«ማን ነው አይጽፍም ያለህ?» አለች። «ፊደል ባይቆጥርም ሦስት ነጥብ ያደርግ ነበር እኮ፣ የኔ ነው ለማለት። ቆይ ስልኩን አትዝጋ።»

ወጥ ቤት ስትገባ ይሰማኛል። መሳቢያ ተከፈተ። አያቴ ለሠርጓ የሠራላት ቢላዋ ዛሬም ሽንኩርት ትከትፍበታለች፤ በመሳል ብዛት ግማሹ አልቋል።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ጥቁር ብረት፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር፣ ከእጀታው ሥር ደግሞ በመሮ የተመቱ ሦስት ነጥቦች።